ዕጢው ውስጥ ሰርገው የገቡት እነማን ናቸው? የሽንት ፊኛ ካንሰርና የራሳችን ተከላካይ ሕዋሳት

ባለፈው ቅዳሜ ማታ የጎረቤታችን ልጅ በራችንን አንኳኳ። የምንኖረው ኮዬ ፈጬ ነው፤ ኮንዶሚኒየሙ አልቆ ማሳው የሚጀምርበት ጫፍ ላይ። መብራት ጠፍቷል። በአንድ እጁ የስልኩን ባትሪ እያበራ፣ በሌላው አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት ይዟል። «እህቴ፣ እስቲ ይቺን እዪልኝ። አባዬ ላይ ተሰራጭቷል መሰለኝ» አለኝ። ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር።

አባቱን ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ነው የሚላቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከባድ መኪና ነድተዋል፤ ሲጋራም ብዙ ዓመት አጭሰዋል። ከወራት በፊት ሽንታቸው ቀይ ሆነ። ምንም አላመማቸውም። ቀዩ ሥር የበላሁበት ይሆናል ብለው አንድ ሳምንት ዝም አሉ። ጠፋና ተመልሶ መጣ። ሲመረመሩ ፊኛቸው ውስጥ ዕጢ ተገኘ። በሽንት ቧንቧ በኩል በገባ መሣሪያ ተቆርጦ ወጣና ናሙናው በማይክሮስኮፕ ለሚታይበት የፓቶሎጂ ምርመራ ተላከ። ወረቀቱ ያ ውጤት ነው።

ልጁ አንድ መስመር በእስክሪብቶ አስምሮበታል፤ «ሊምፎሳይቲክ ኢንፊልትሬት» ይላል። ስልኩ ላይ ሲፈልገው «ሰርጎ መግባት» የሚል ትርጉም አገኘ። በኛ ቋንቋ ደግሞ ሰርጎ ገብ ማለት ጠላት ነው። ልጁ ካንሰሩ ሥጋ ሰንጥቆ የገባ መሰለው።

እኔ ላብራቶሪ ነው የምሠራው። ይቺ ቃል ስንት ቤተሰብ እንቅልፍ እንደምትነሳ ስለማውቅ የዚያን ማታ ያስረዳሁትን ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው አልኩ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ ናቸው።

ሰርገው የገቡት እነማን ናቸው?

የራሳችን ሰዎች ናቸው። ሊምፎሳይት ከነጭ የደም ሕዋስ ዓይነቶች አንዱ ነው፤ ሰውነታችንን ከበሽታ የሚጠብቅ። ዕጢ ውስጥ ገብቶ ሲገኝ ፓቶሎጂስቱ «ሰርጎ ገብቷል» ብሎ ይጽፋል። ካንሰሩ ጡንቻ ውስጥ ገባ ማለት ሌላ ነገር ነው፤ የሚጻፈውም በሌላ መስመር ላይ ነው። የጋሼ ወረቀት ላይ ሦስት መስመር ከፍ ብሎ «ጡንቻ በናሙናው ውስጥ ታይቷል፤ ዕጢው አልደረሰበትም» የሚል ዓረፍተ ነገር ነበር። ልጁ ደንግጦ አላየውም።

ማይክሮስኮፕ ላይ ሲታዩ ምን እንደሚመስሉ ልንገራችሁ። ናሙናው ከወረቀት በሳሳ ሁኔታ ተቆርጦ መስታወት ላይ ይደረግና በቀለም ይነከራል። የካንሰሩ ሕዋሳት ተለቅ ተለቅ ያሉ ናቸው፤ መጠናቸውና ቅርጻቸው አንድ ዓይነት አይደለም። ሊምፎሳይቶቹ ደግሞ ትናንሽ፣ ድብልብል፣ ጥቁር ሐምራዊ ነጠብጣብ ናቸው። ሰፌድ ላይ የተበተነ ጥቁር አዝሙድ ማለት ነው። አንዳንዱ ዕጢ በነሱ ይሞላል። አንዳንዱ ላይ ዳር ዳሩን ብቻ ተሰልፈው ይታያሉ። አንዳንዱ ላይ ደግሞ ፈልገህም አታገኛቸውም።

ካንሰር ከራሳችን አካል የወጣ ሆኖ ሳለ እንዴት ይለዩታል?

የሽንት ፊኛ ሽንት እስኪወጣ የሚጠራቀምበት ከረጢት ነው። ከሲጋራ ጭስ ወደ ደም የገባው መርዝ በኩላሊት ተጣርቶ እዚያ ይወርድና ከፊኛው ግድግዳ ጋር ለሰዓታት ተነካክቶ ይቆያል። ከፊኛ ካንሰር ግማሽ ያህሉ ከማጨስ ጋር የሚያያዘው በዚህ ምክንያት ነው። በየጊዜው የሚደርሰው ጉዳት የሕዋሳቱን ጂን ያበላሻል። የፊኛ ካንሰር ብዙ የጂን ስህተት ከሚሸከሙት ካንሰሮች አንዱ ነው።

ስህተት የበዛበት ጂን የተዛባ ፕሮቲን ይሠራል። የተዛባው ፕሮቲን ቁራጭ በሕዋሱ ገጽ ላይ ይወጣል። ቲ ሴል የሚባሉት ሊምፎሳይቶች ሥራቸው ይህንን መፈተሽ ነው። በየሕዋሱ እየዞሩ መታወቂያ የሚያዩ ጥበቃዎች በሏቸው። የማያውቁት ነገር ካዩ ይይዙታል። ከነሱ መካከል ገዳይ ቲ ሴል የሚባለው ወገን ሕዋሱን ቀዳድቶ ይገድለዋል።

ብዙ ሆነው መገኘታቸው ጥሩ ነው ማለት ነው?

አብዛኛውን ጊዜ አዎ፤ ግን ሁሉም ነጭ ሕዋስ አንድ አይደለም። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

በ2007 አሜሪካ የወጣ አንድ ጥናት የ69 የፊኛ ካንሰር ታማሚዎችን ናሙና መርምሮ ነበር። ካንሰሩ ጡንቻ ውስጥ ከገባባቸው መካከል ዕጢያቸው ውስጥ ገዳይ ቲ ሴል በርከት ብሎ የተገኘላቸው ሰዎች ረዘም ላለ ጊዜ ኖረዋል። ከዚያ በኋላ የመጡ ሌሎች ጥናቶችም በአብዛኛው ወደዚያው ይወስዳሉ። አንዳንድ ዕጢዎች ውስጥ ደግሞ ሊምፎሳይቶቹ ተሰባስበው ትንሽ ንፍፊት የመሰለ ሰፈር ይሠራሉ። ዕጢው መሀል የራሳቸውን ካምፕ ተከሉ ማለት ነው። ይህም የተሻለ ተስፋ ካላቸው ታማሚዎች ጋር ተያይዞ ይገኛል።

ማክሮፌጅ የሚባሉት ሌላ ታሪክ አላቸው። እነሱ ትልልቅ በላተኞች ናቸው። ቆሻሻ ያነሳሉ፤ ጀርም ይውጣሉ። ቁስል ሲኖር ደግሞ ማጽዳቱን ትተው ወደ ግንባታ ይዞራሉ፤ አዲስ የደም ሥር እንዲዘረጋ ያደርጋሉ፤ ቁጣውን ያበርዳሉ። ቁስሉ የሚድነው በዚህ ነው። ዕጢ ግን ራሱን የማይድን ቁስል አስመስሎ ያቀርባል። ማክሮፌጁም ተታሎ ግንበኛ ይሆንለታል። እኛ ሰፈር ሕንፃ ሲጀመር መጀመሪያ ውኃና መብራት እንደሚሳብለት ሁሉ፣ ለዕጢውም ደም ይሳብለታል። እንደዚህ የተለወጡ ማክሮፌጆች የበዙበት የፊኛ ዕጢ በብዙ ጥናቶች ከከፋ ውጤት ጋር ተያይዟል።

አረጋጊ ቲ ሴል የሚባሉም አሉ። ሥራቸው ጠቡ እንዳይበዛ ማብረድ ነው። በፊኛ ካንሰር ላይ ስለነሱ የተሠሩ ጥናቶች ውጤታቸው አንድ ስላልሆነ እዚህ አላቆማችሁም።

የት ነው የቆሙት?

ለኔ ከሁሉም በላይ የሚገርመኝ ይሄኛው ነው። ቁጥራቸው እኩል ሆኖ የቆሙበት ቦታ ብቻ የሰውን ዕጣ ሊለውጥ ይችላል።

እኛ ሰፈር ጅብ ይጮኻል። ከመሸ ማሳው ውስጥ ነው፤ ሲነጋ ይጠፋል። ጥበቃው ግቢ ውስጥ ከሆነ ጅቡ ሲጠጋ ያባርረዋል። ጥበቃው ከቆርቆሮው አጥር ውጭ ተቆልፎበት ከሆነና ጅቡ ከውስጥ ከሆነ ግን ዱላውም ድፍረቱም አይረዳም። ጥበቃ ጭራሽ ያልተቀጠረበት ግቢም አለ።

የፊኛ ዕጢዎችም በዚሁ በሦስት ይከፈላሉ። ቲ ሴል ውስጥ ድረስ የዘለቀበት፣ ዳር ላይ የታገደበት፣ ጭራሽ ያልደረሰበት። በየመጽሔቱ የመጀመሪያውን «ትኩስ»፣ የመጨረሻውን «በረሃ» ሲሉት ትሰማላችሁ።

አጥሩን ማን ሠራው? በ2018 የወጣ አንድ ትልቅ ጥናት የተሰራጨ የፊኛ ካንሰር ያለባቸውንና ተከላካይ ሕዋሳትን በሚያነቃቃ መድኃኒት የታከሙ ወደ 300 የሚጠጉ ሰዎችን ዕጢ መረመረ። መድኃኒቱ ካልሠራላቸው ሰዎች በብዙዎቹ ዘንድ ቲ ሴሎቹ ዕጢው ዙሪያ ባለው ጅማት መሰል ሥጋ ውስጥ ተይዘው ቀርተዋል። ጅማቱን የሚያጠነክረው ቲጂኤፍ ቤታ የሚባል ንጥረ ነገር ነው፤ ሕዋሳት መልእክት የሚለዋወጡበት። ጠባቂ ጠፍቶ አይደለም። መግቢያ ነው ያጣው።

ውስጥ ገብተውስ ለምን ዝም ይላሉ?

ይህን ለጋሼ ራሳቸው ነው ያስረዳኋቸው። በማግስቱ እሑድ ቡና ጠርተውኝ ነበር። «ልጄ፣ ወታደሮቹ እውስጥ ካሉ ታዲያ ዕጢው እንዴት አደገ?» አሉኝ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው።

ቲ ሴል ፍሬን አለው። ፍሬን ባይኖረው አንዴ የተቆጣ ሕዋስ ሳንባህንም አንጀትህንም እየመታ ይሄድ ነበር። ከፍሬኖቹ አንዱ ፒዲ ዋን ይባላል። ጃፓናዊው ታሱኩ ሆንጆና ባልደረቦቹ በ1992 ነው ያገኙት። ጤነኛ ሕዋስ ፒዲ ኤል ዋን የሚባል ፕሮቲን አውጥቶ ያንን ፍሬን ሲረግጠው ቲ ሴሉ «የኛ ሰው ነው» ብሎ ያልፋል። ካንሰሩ ይህን ይሰርቃል። ራሱ ያወጣዋል፤ ዙሪያው ያሉትን ማክሮፌጆችም እንዲያወጡት ያደርጋል። ቲ ሴሉ ተረግጦ ይቆማል። ብዙ ጊዜ ከቆየ ይዝላል። ማይክሮስኮፕ ላይ ስናየው አለ፤ ቆጥረነዋል፤ ግን አይዋጋም።

ጋሼ ስኒያቸውን አስቀምጠው «እና ፍሬኑን የሚለቅ ጠፋ?» አሉ። አልጠፋም። ፍሬን ለቃቂ መድኃኒቶች ተሠርተዋል። ሆንጆ ሌላኛውን ፍሬን ካጠናው ከአሜሪካዊው ጄምስ አሊሰን ጋር በ2018 የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል። ለተሰራጨ የፊኛ ካንሰር የዚህ ዓይነት መድኃኒት አሜሪካ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የተፈቀደው በ2016 ነው።

ውጤቱ ምን ያህል ነው? ቁጥሩን ሳልቀባባ ልንገራችሁ። በ2017 በወጣ ጥናት 542 ሰዎች ተሳትፈዋል፤ ሁሉም የመጀመሪያው ኬሞቴራፒ ያልያዘላቸው ናቸው። ፔምብሮሊዙማብ የሚባለውን ፍሬን ለቃቂ ከወሰዱት ግማሾቹ ከ10.3 ወር በላይ ኖሩ። ሌላ ኬሞ ከወሰዱት ግማሾቹ ከ7.4 ወር በላይ። ዕጢያቸው በግልጽ የቀነሰላቸው ከ5 ሰው 1 ገደማ ነው። ያ አንዱ ግን ብዙ ጊዜ ዕጢው ለረጅም ጊዜ እንደቀነሰ ይቆይለታል፤ ሐኪሞች ተስፋ ያደረጉት በዚህ ነው። ይኸው መድኃኒት ኤንፎርቱማብ ቬዶቲን ከሚባል ሌላ መድኃኒት ጋር ተጣምሮ ከኬሞ ጋር የተነጻጸረበት፣ 886 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ውጤት ደግሞ በ2023 ይፋ ሆነ። ሁለተኛው መድኃኒት መርዝ ተሸክሞ ቀጥታ ወደ ካንሰሩ ሕዋስ የሚሄድ ነው። ግማሾቹ ታማሚዎች ያለፉት የዕድሜ ልክ ከኬሞ 16.1 ወር ወደ 31.5 ወር ከፍ አለ። በዚህ በሽታ ላይ እንዲህ ያለ ለውጥ ታይቶ አይታወቅም ነበር።

ፍሬን የተለቀቀ መኪና ቁልቁለት ላይ ምን እንደሚያደርግ ግን ጋሼ ከኔ በላይ ያውቃሉ። ነፃ የወጣው ቲ ሴል ጤነኛውን አካልም ሊመታ ይችላል። አንጀት፣ ሳንባ፣ ጉበት፣ እንቅርት ያቆጣል። ተቅማጥ ወይም ትንፋሽ ማጠር ሲመጣ በቶሎ ለሐኪም መንገር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ዋጋውም ከአብዛኛው ቤተሰባችን አቅም በላይ ነው። ይህን ስጽፍ ያመኛል።

ለሕፃናት የሚወጋው ክትባት ፊኛ ውስጥ ምን ይሠራል?

ለጋሼ የታዘዘላቸው ይህ ነው፤ ቤተሰቡንም በጣም ግራ ያጋባው ይሄ ነው። ቢሲጂ። ለሳንባ ነቀርሳ ተብሎ ጨቅላ ክንድ ላይ የሚወጋውና ትንሽ ጠባሳ የሚተወው።

ከፊኛ ካንሰር ታማሚዎች ከ4ቱ 3ቱ ገደማ በሽታው ጡንቻ ሳይደርስ ነው የሚገኝባቸው። ዕጢው ተቆርጦ ይወጣል፤ ግን መመለስ ይወዳል። በ1976 ካናዳ ውስጥ የሚሠራው አልቫሮ ሞራሌስ የሚባል ሐኪም በ9 ታማሚዎች ፊኛ ውስጥ ቢሲጂ ጨምሮ ያገኘውን ውጤት አሳተመ። ዕጢው የሚመለስበት ፍጥነት በጣም ቀነሰ። በሳምንት አንዴ ለ6 ሳምንት ነበር የሰጣቸው። 6 የሆነበት ምክንያት ክትባቱ 6 ጠርሙስ አንድ ላይ ታሽጎ ይመጣ ስለነበር ነው። እስከ ዛሬም የመጀመሪያው ዙር 6 ሳምንት ነው።

ልዩነቱን ተመልከቱ። ለጨቅላው የሚወጋው 0.05 ሚሊ ሊትር ነው፤ አንድ ጠብታ ያህል። ለፊኛው ግን በሕይወት ያለው የተዳከመ ባክቴሪያ በ50 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ተበጥብጦ በቀጭን ቱቦ ይገባል። ታማሚው እስከ 2 ሰዓት ድረስ ሽንቱን ይዞ ይቆያል። ባክቴሪያው ፊኛው ግድግዳ ላይ ይጣበቃል። ሕዋሳቱ ያዩትና ጩኸቱን ያቀልጡታል። በመጀመሪያ ኒውትሮፊል የሚባለው ሌላ ነጭ የደም ሕዋስ ይደርሳል፤ ቀጥሎ ማክሮፌጅና ቲ ሴል ይጎርፋሉ። የመጡት ለባክቴሪያው ነበር፤ እግረ መንገዳቸውን ካንሰሩንም ያገኙታል። ባዶ የነበረው ሰፈር በጥበቃ ይሞላል። መድኃኒቱ ራሱ ካንሰር አይገድልም፤ ገዳዩን ነው የሚጠራው።

ለዚህ ነው ከቢሲጂ በኋላ ሽንት የሚያቃጥለው፣ ቶሎ ቶሎ የሚያስኬደው፣ አንድ ሁለት ቀን ትኩሳት ቢጤ የሚመጣው። ሕዋሳቱ እየሠሩ ነው። ትኩሳቱ ከበረታ ወይም አልወርድ ካለ ግን ባክቴሪያው ወደ ደም አልፎ ሊሆን ስለሚችል ሳይውል ሳያድር ሐኪም ጋ መሄድ ያስፈልጋል። ከ10 ሰው 3 ወይም 4 ላይ ደግሞ ቢሲጂ በቂ ሥራ አይሠራም። ዕጢያቸው ቀድሞውንም በግንበኛ ማክሮፌጅ የተሞላባቸው ሰዎች ከነዚህ መካከል ይበዛሉ የሚሉ ጥናቶች አሉ።

አንድ ነገር ልጨምር። ይህ ሁሉ ለኛ አገር ሰው እንግዳ ሊሆን አይገባም። ዘነበወርቅ አካባቢ፣ ከተማዋ ሳትደርስበት ዳር በነበረው ቦታ፣ የሥጋ ደዌ ታካሚዎች የሚረዱበት አለርት አለ። እዚያው ግቢ አርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ተመሥርቶ ለአሥርት ዓመታት ይህንኑ ጉዳይ አጥንቷል። በሥጋ ደዌ ባክቴሪያው አንድ ሆኖ በሽታው ግን እንደየሰዉ ይለያያል። ቲ ሴሉ የበረታለት ሰው ጥቂት ለምጥ መሰል ምልክት ብቻ ይወጣበታል፤ ቲ ሴሉ ዝም ያለበት ሰው አካሉ በሙሉ በባክቴሪያ ይሞላል። ያ ባክቴሪያ ደግሞ የቢሲጂ የሥጋ ዘመድ ነው።

ይህን ከተራ የደም ምርመራ ማወቅ ይቻላል?

በከፊል። ሲቢሲ የሚባለው የደም ሕዋሳት ቆጠራ በየክሊኒኩ አለ። ወረቀቱ ላይ የኒውትሮፊልና የሊምፎሳይት ቁጥር ይጻፋል። ኒውትሮፊሉን ለሊምፎሳይቱ ስታካፍሉት የሚመጣው ቁጥር ከፍ ያለባቸው የፊኛ ካንሰር ታማሚዎች በአማካይ ውጤታቸው ደከም ያለ ሆኖ ተገኝቷል። ግን የቶንሲል ኢንፌክሽን፣ ቁስል፣ ጭንቀት እንኳ ያንን ቁጥር ያንረዋል። ስለዚህ ቤት ተቀምጣችሁ አካፍላችሁ አትሸበሩ። ከሐኪም ጋር ሆኖ ከሌላው መረጃ ጋር የሚታይ ነገር ነው።

እና የአባቴ ወረቀት ምን ማለት ነው?

ሊምፎሳይት መኖሩ የመዛመት ምልክት አይደለም። ጥሩ ዜና ሊሆን ይችላል፤ ዓይነታቸው፣ የቆሙበት ቦታና ንቃታቸው ሳይታወቅ ግን «በቃ ድነዋል» አይባልበትም። ዓይነቱን ለመለየት ገዳይ ቲ ሴሎቹን ለይቶ ቡናማ የሚያደርግ ልዩ ቀለም ያስፈልጋል። ተራው ቀለም ሁሉንም ጥቁር አዝሙድ ነው የሚያስመስላቸው። ዛሬ ሐኪሞች ሕክምና ሲመርጡ በዋናነት የሚያዩት ዕጢው ምን ያህል ጠልቋል፣ ሕዋሳቱስ ምን ያህል ተዛብተዋል የሚለውን ነው። የተከላካይ ሕዋሳት ቆጠራ ገና የዕለት ተዕለት መመሪያ አልሆነም።

ስለዚህ ልጁ ሐኪሙን ሲያገኝ እንዲጠይቅ ሦስት ነገር ወረቀቱ ጀርባ ላይ ጻፍኩለት። ዕጢው ጡንቻ እንዳልደረሰ እርግጥ ነው ወይ? የሕዋሳቱ መዛባት ደረጃ ከፍተኛ ነው ዝቅተኛ? ቢሲጂው ለ6ቱም ሳምንት ይገኛል ወይ? የመጨረሻዋን ያስገባኋት መድኃኒቱ በዓለም ደረጃ እጥረት ስላለበት ነው፤ ጀምሮ ማቋረጥ እንዳይመጣ ከወዲሁ መጠየቅ ይሻላል።

ጋሼ ሲጋራውን ትተዋል። ዕጢው ከወጣ 3 ወር ሲሞላው ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ ገብቶ ፊኛቸው እንደገና ይታያል። ልጁ ቀኑን ስልኩ ላይ መዘገበና ቀና ብሎ «ከኮዬ በስንት ሰዓት ብንወጣ ይሻላል?» አለኝ። አሥራ አንድ ተኩል፣ ታክሲው ሰልፍ ሳይዝ አልኩት።